ግራጫው መስመር

መጋቢት 2፣ ማክሰኞ

ድንጋዩ ዛሬ መጣ። አራት ሰው ተሸክሞት ወደ ምድር ቤቱ ወረደ፤ አምስተኛው እኔ ነበርኩ፣ ከኋላ ሆኜ "ቀስ በሉ" የምል። ይህ ክፍል ከእሱ የከበደ ድንጋይ ብዙ አይቷል። ከእሱ የበለጠ የተለፈለፈለት ግን አላየም።

የሙዚየሙን የጽዳት ክፍል የያዝኩት ከወጣትነቴ ጀምሮ ነው። ሥራችን የጥንት አጥንትና ዛጎል ከተጣበቀበት ድንጋይ በመርፌ፣ በቡሩሽና በውሃ ማላቀቅ ነው። ማንም አላስተማረኝም። አበላሽቼ አበላሽቼ ነው የተማርኩት፤ ከዚያ ወዲህ ግን አበላሽቼ አላውቅም።

ድንጋዩን ያስመጣችው የድንጋይ ተመራማሪዋ ዶክተር ናት። ከታች ነጭ የኖራ ድንጋይ ነው፣ በጥቃቅን ዛጎል የታጨቀ። ከላይም የኖራ ድንጋይ ነው፣ ግን ባዶ ለመባል ጥቂት የቀረው። በሁለቱ መካከል ከጣት የቀጠነ ግራጫ ጭቃ ተኝቷል። እሷ የምትፈልገው ጭቃውን ነው። ከስልሳ ስድስት ሚሊዮን ዓመት በፊት ከሰማይ የወደቀ ግዙፍ አለት ያስነሳው አቧራ አለበት ትላለች፤ ኢሪዲየም የሚባል፣ በምድር ላይ ብርቅ፣ በሰማይ ድንጋይ ውስጥ ግን የሚበረክት ብረት በውስጡ ይገኛል። ጭቃውን ከታች ወደ ላይ እንደ ወረቀት እያሳሳች ቆርጣ ልትለካው ነው። ዳይኖሰሮቹና የባሕሩ ፍጥረት ምን ያህል በፍጥነት እንዳለቁ ከዚያ ይነበባል ነው የምትለው።

"አባባ፣ ግራጫውን እኔ ሳልኖር እንዳይነኩት" አለችኝ። "ታችና ላዩን እንደፈለጉ ያጽዱ። እሱን ብቻ ይተዉልኝ።"

"ጭቃ ነው" አልኳት።

"ጭቃ ነው፤ ግን የኔ ጭቃ ነው" ብላ ሳቀች።

እኔ አልሳቅኩም። ከማጠቢያው በላይ ግድግዳው ላይ በእጄ የጻፍኩት ሕግ አለ፦ ከዚህ ቤት ያልጸዳ ድንጋይ አይወጣም። ዶክተሯ ሳትወለድ የተጻፈ ነው።

ድንጋዩ የተቆረጠበትን የመንገድ ዳር ገደል እንዳይናድ በዚህ ሳምንት በኮንክሪት ይሸፍኑታል አሉ። በአካባቢው ሌላ እንዲህ ያለ ቦታ አይታወቅም። ስለዚህ ያለው ይህ አንዱ ብቻ ነው።


መጋቢት 3፣ ረቡዕ

ዶክተሯ ለስብሰባ ከመሄዷ በፊት ከእኔ ጋር ተከራከረች። እሷ ናት የጀመረችው። ቢሆንም እኔም አልተውኩም።

እኔ የምለው ያው የዱሮዬን ነው። እነዚያ ፍጥረታት ቀድሞውኑ እያለቁ ነበር። ባሕሩ ይሸሻል፣ አየሩ ይለወጣል፣ አንዱ ዛሬ፣ ሌላው ከሺህ ዓመት በኋላ ይሄዳል። ሰው እንኳ በአንድ ቀን አያረጅም። ይህን ያነበብኩት ከሷ በፊት ነው፤ በገዛ ዓይኔ፣ በገዛ አምፖሌ፣ አስተማሪ ሳይኖረኝ።

"አባባ፣ ሲያረጅ የኖረም ቢሆን አንድ ክፉ ቀን ይበቃዋል" አለች። አቧራው ፀሐይን ሸፈነ። ጨለማው ቆየ። በፀሐይ ብርሃን ምግቡን ሠርቶ የሚያድር ቅጠል ሁሉ፣ በባሕሩ ላይ የሚንሳፈፈው ዓይን የማያየው አረንጓዴ ሳይቀር፣ ሥራ ፈታ። ቅጠል በሊታው ተከተለው፣ ሥጋ በሊታው ደግሞ ቅጠል በሊታውን። ከአራት ዓይነት ፍጥረት ሦስቱ ያህል ጠፋ። የተረፉት ትናንሾቹ፣ ጉድጓድ ቆፋሪዎቹ፣ ፍርፋሪና ብስባሽ ለቃሚዎቹ ናቸው።

"እንግዲያው እኔ ተርፌ ነበር" አለች አጣቢዋ ከማጠቢያው ሆና።

አጣቢዋ የሟች ወንድሜ ልጅ ናት። ሥራው ላይ ያስገባኋት እኔ ነኝ። ቡሩሽ አያያዝ ያስተማርኳት እኔ ነኝ።

"ጋሼስ?" አለቻት ዶክተሯ።

"ጋሼማ አለቱን 'ተመለስ፣ በሩን ዝጋ' ይሉት ነበር።"

ደረጃው ላይ የቆመው የሙዚየሙ ጥበቃ ሳይቀር ሳቀ። ከዚያ ዶክተሯ ቦርሳዋን አንጠልጥላ፣ "ጭቃውን ስለካው እንተያያለን አባባ። ቀስ በቀስ ከሆነ እኔ ተረታሁ። በድንገት ከሆነ ግን እርስዎ በሁሉ ፊት 'ተረታሁ' ይላሉ፤ እሺ?" አለችኝ።

እሺ አላልኩም። እንቢም አላልኩም። ሰው ሁሉ እያየኝ ነበር።


መጋቢት 4፣ ሐሙስ

አጣቢዋ ቀዩን የአሸዋ ድንጋይ ስታጥብ ዋለች። ማጠቢያው የሥጋ ቤት መሰለ። ነገ የእናቷ ዓይን ቀዶ ሕክምና ስለሚደረግለት ትቀራለች። ለመጨረስ ስትጣደፍ ውላ በሩጫ ወጣች።

የዶክተሯን ድንጋይ ወደ ማጠቢያው አስጠጋሁት። ለብርሃኑ ነው።


መጋቢት 5፣ አርብ

ብቻዬን ዋልኩ። ጠዋት የቅጠል ቅርጽ ያለበትን ጥቁሩን የከሰል ድንጋይ አጥቤ ጨረስኩ። እሱ ሁልጊዜ የእኔ ሥራ ነው፤ ለሌላ ሰው አልሰጠውም።

ከሰዓት በኋላ የዶክተሯን ድንጋይ አየሁት። ጭቃው ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ፍርፋሪው እየወረደ ከታች ያለውን ዛጎል ያቆሽሻል። እንዲህ ያለ ነገር ጠረጴዛዬ ላይ አድሮ አያውቅም። ማንም ባለሙያ ቢያየው የሚያደርገውን አደረግሁ። አሁን ሁለት ንጹሕ ድንጋይ ሆኗል፣ ታቹና ላዩ፣ እንደ ሳህን ጎን ለጎን ተቀምጠው።

ጨርቅ አልብሼ ወጣሁ። ጥሩ ሥራ ነው።


መጋቢት 7፣ እሑድ

ባለቤቴ ምሳ ላይ "ምን ሆነህ ነው እንዲህ የምታኝከው?" አለችኝ። ሥጋው ጠንካራ ነው አልኳት። "ሥጋ የት አለ?" አለች። እውነቷን ነው፤ ድንች ነበር።


መጋቢት 8፣ ሰኞ፣ ማታ

እንደሆነው እጽፈዋለሁ።

ጠዋት አጣቢዋ ጠመኔ የመሰለውን ነጭ ድንጋይ ይዛ ሥራ ጀመረች። የእናቷ ዓይን ደህና ሆኗል፤ ደስ ብሏት ነበር። ረፋዱ ላይ ዶክተሯ ከነጓዟ ገባች። ገና ሰላም ሳትለን ጨርቁን ገለጠችው።

አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። በንጹሑ ድንጋይ ላይ ጣቷን አሳለፈች፤ ከዚያ ጣቷን አየችው። ምንም አልነበረበትም።

የሙዚየሙ ኃላፊ ተጠርቶ ወረደ። "ማን ነው ያጠበው?" አለ።  ከዚያ ዓይን ሁሉ ወደ ማጠቢያው ዞረ፤ እዚያ ደግሞ የወንድሜ ልጅ እጇ እስከ ክንዷ ነጭ ሆኖ ቆማለች።

"እኔ አልነካሁትም" አለች።

"ሐሙስ ማታ ስዞር ድንጋዩን ከማጠቢያው ጥግ አይቼዋለሁ" አለ ጥበቃው። ክፋት የለበትም፤ ያየውን ነው የተናገረው።

"ሐሙስ በሩጫ ነው የወጣሽው" አለ ኃላፊው። "ሥራ ለመጨረስ ስትጣደፊ ያገኘሽውን ሁሉ አጠብሽ። ያደረግሽውን አላስተዋልሽም ይሆናል።"

"እኔ ግን..." አለችና ወደ እኔ አየች። እንዲያ ያየችኝ እንድመሰክርላት ነው። የምሠራበትን መርፌ ብርሃን ላይ አነሳሁና ጫፉን መረመርኩ። ጫፉ ደህና ነበር።

ኃላፊው ትከሻዬን ነካ አደረገ። "አይዘኑ አባባ። ያልጸዳ ድንጋይ አይወጣም እያሉ ያሳደጓት እርስዎ ነዎት። ጥፋቷ የእርስዎን ሕግ ማክበሯ ነው።" ሊያጽናናኝ ነበር።

ዶክተሯ ብቻ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። "አባባ፣ የማጠቢያው ውሃ የት ነው የሚሄደው?"

"ወደ ፍሳሽ" አልኳት።

ይህ ውሸት አይደለም። መጨረሻው ፍሳሽ ነው።

አጣቢዋ በወሩ መጨረሻ ጉዳይዋ በስብሰባ እስኪታይ ቤቷ እንድትቀመጥ ተነገራት። ቡሩሾቿን አጥባ፣ አራግፋ፣ በተርታ አስቀምጣ ሄደች። አርብ ምን ስሠራ እንደዋልኩ የጠየቀኝ የለም።


መጋቢት 9

ዛሬ ለኃላፊው ልነግረው ነበር። ሥራ አልገባም።


መጋቢት 10

ኃላፊው ገብቶ ነበር። እኔ ሥራ በዛብኝ።


መጋቢት 11፣ ሐሙስ፣ ማታ

የወንድሜ ልጅ ቤት መጣች። ባለቤቴ ሻይ አቀረበችና ወደ ጓዳ ገባች፤ በሩን ግን አልዘጋችም።

ልጅቷ ወንበር ላይ አልተቀመጠችም። "ጋሼ፣ ስምዎን አሳደፍኩት" አለች። "ሰው ሁሉ በእርስዎ ነው የገባችው እያለ ነው።"

"ተቀመጪ" አልኳት።

"ሌሊት ሌሊት ሐሙስን አስበዋለሁ። ቀዩን ጨርሼ ቡሩሹን ሳስቀምጥ ትዝ ይለኛል። ከዚያ ኮቴን ስለብስ ትዝ ይለኛል። በመሃል ያለው ግን ጠፋኝ። እጄ ያገኘውን ማጠብ ለምዷል ጋሼ። ሳላውቀው አጥቤው ቢሆንስ?"

"አላጠብሽውም" አልኩ። አፌ ነው ያለው፤ እኔ አላዘዝኩትም።

"እንዴት ያውቃሉ?"

"አውቅሻለሁ" አልኩ።

ያን ጊዜ አለቀሰች። እጄን ይዛ ሳመችው። ያንኑ እጅ ነው የሳመችው። በሬ ካራጁ ይውላል ይባላል፤ አራጁ ምን እንደሚሰማው የተረተ ግን የለም።

ከሄደች በኋላ ባለቤቴ ከጓዳ ወጥታ ስኒዎቹን አነሳች። "ደግ ነህ ዛሬ" አለች።  ይህች ሴት ዝም ስትል ይከብደኛል።


መጋቢት 14፣ እሑድ

መጽሐፎቼን አውርጄ አነበብኩ። የኔን ሐሳብ የሚደግፈውን ገጽ ፈለግሁ። አለ፤ በቀይ እርሳስ አስምሬበታለሁ። በሚቀጥለው ምዕራፍ ላይ ግን ያላሰመርኩባቸው ገጾች አሉ። በምድር ላይ በብዙ ቦታ፣ በባሕር ወለልም በየብስም፣ ያው ግራጫ መስመር ተገኝቷል ይላሉ። እንደ ቀንድ የተጠቀለለ ዛጎል የነበራቸው አሞናይቶች ስንት ዘመን ባሕሩን ሞልተው ኖረው ከመስመሩ በኋላ ተፈልገው ይጠፋሉ። ከመስመሩ በላይ በአንዳንድ ቦታ መጀመሪያ የሚታየው ፈርን የሚባለው ተክል ብናኝ ነው፤ ደን ከተቃጠለ በኋላ ቀድሞ የሚበቅለው ቅጠል።

እነዚህን ገጾች ለምን እንዳላሰመርኩባቸው አላስታውስም። ወረቀቱ የእጄ ምልክት አለበት። አንብቤዋለሁ ማለት ነው።

በዚያን ዘመን ያለቁት በምን ጥፋታቸው ነው? ቅጠል ይበሉ ነበር፤ ይዋኙ ነበር፤ እንቁላላቸውን ይታቀፉ ነበር። ሌላው ያስነሳው አቧራ ነው ፀሐይ የነሳቸው።

መብራት አጠፋሁ። ትርፍ ነገር መጻፍ ጀምሬያለሁ።


መጋቢት 17፣ ረቡዕ

አሁን የማጥበው እኔው ነኝ። ቢጫውን ድንጋይ አጥቤ ወገቤ አልዘረጋ አለ። ጥበቃው ከደረጃው ላይ ሆኖ፣ "አባባ፣ ልጅቷ ይህን ሁሉ እየዘፈነች ነበር የምትሠራው" አለኝ።

"ሥራህን ሥራ" አልኩት።

"ሥራዬ ማየት ነው" አለኝ።


መጋቢት 19

የገደሉ ግድግዳ እንዳሉት በዚያው ሳምንት ተሸፍኗል። ዶክተሯ ራሷ ሄዳ አይታው መጣች። ጫማዋ ላይ ሲሚንቶ ነበር። "ደህና ዋሉ አባባ" አለችኝ፣ እንደ ሁልጊዜው። ተቆጥታ ብትሆን ኖሮ እኔም እቆጣ ነበር፤ እሱን እችልበታለሁ።


መጋቢት 22፣ ሰኞ

ማጠቢያው ውሃ መለሰ። አልወርድም አለ።

ለማያውቅ፦ ከማጠቢያው ሥር፣ ከሳንቃ ጀርባ፣ የዝቃጭ በርሜል አለ። ውሃው መጀመሪያ እዚያ ይገባል፣ ጭቃው ይሰክናል፣ የጠራው ብቻ ወደ ቧንቧው ያልፋል። አለዚያ ቧንቧችን በየወሩ በተደፈነ ነበር። ያሠራሁት እኔ ነኝ። ሲሞላ የማወጣውም እኔ ነኝ። እነ ኃላፊው መኖሩንም አያውቁም።

ሰሞኑን በርሜሉን አላሰብኩትም ነበር። እንዲያው አላሰብኩትም።

ነገ አወጣዋለሁ።


መጋቢት 23፣ ማክሰኞ፣ ማታ

ሳንቃውን ነቀልኩና በባትሪ አየሁ። በርሜሉ ብርሃን የሚያሳልፍ ነጣ ያለ ፕላስቲክ ነው፤ አቧራ ለብሶ ስለኖረ አይታወቅም። ላነቃንቀው ስደገፈው መዳፌ አቧራውን ጠረገው። ውስጡ ታየኝ።

ከታች የቆየ ቡናማ ዝቃጭ። በላዩ ቀይ፦ የሷ የሐሙስ የአሸዋ ድንጋይ። በቀዩ ላይ ጥቁር፦ የእኔ የአርብ ጠዋት ከሰል። በጥቁሩ ላይ ግራጫ፣ ከጣት የቀጠነ። በግራጫው ላይ ነጭ፦ ሰኞ ጠዋት የጀመረችው ጠመኔ። ከዚያ በላይ የእኔ ቢጫ፣ እስከ አፉ።

ተንበርክኬ ከታች ወደ ላይ ደግሜ አየሁት። 

ዕድሜዬን ሙሉ ድንጋይ ሳነብ ኖሬያለሁ። የታችኛው ይቀድማል፣ የላይኛው ይከተላል፤ ሕጉ ይኸው ነው፤ ለተራራም ለበርሜልም። ሐሙስ ታጥቦ ቢሆን ኖሮ ግራጫው ከጥቁሩ በታች ይሆን ነበር። ከጥቁሩ በላይ ነው። አርብ ከሰዓት በኋላ ነው። ያን ዕለት እዚህ ክፍል አንድ ሰው ብቻ ነበር።

ጠርዙም ስለታም ነው። ጥቁሩ ያልቅና ግራጫው ይጀምራል። ቀስ በቀስ የሚባል ነገር የለበትም።

ዝቃጭ ሲወጣ መጀመሪያ በዱላ ይበጠበጣል፤ እንዲህ ነው ወትሮም የምንሠራው። ዱላው እዚያው ግድግዳው ላይ ተደግፏል። ሁለት ጊዜ ቢዞር ሁሉም አንድ ቀለም ይሆናል፣ እኔም ሥራዬን ሠራሁ እባላለሁ።

ዱላውን አነሳሁት። አፉ ላይ አደረስኩት። መልሼ አስቀመጥኩት። ደግ ስለሆንኩ አይደለም። ክንዴ ዛለ።


መጋቢት 24

በርሜሉን አላወጣሁም። በባልዲ እያጠብኩ ውሃውን ውጭ እደፋለሁ።

"አባባ፣ እስከ መቼ ነው ባልዲ የሚያመላልሱት?" አለኝ ጥበቃው።

"እስኪያልቅ።"

"ምኑ?"

ባልዲውን አንስቼ ወጣሁ።


መጋቢት 25

ባልዲ። ወገብ። ዱላውን ወስጄ ከደረጃው ሥር ቆለፍኩበት። ቁልፉ ኪሴ ነው፤ ምን ዋጋ አለው።


መጋቢት 27፣ ቅዳሜ፣ ማታ

ባለቤቴ ከወንድሜ ሚስት ቤት መጣች። "ልጅቱ የሆቴል ልብስ አጣቢነት ልትቀጠር ነው" አለችኝ። "ድንጋይ ያጠበ እጅ አንሶላ አያቅተውም ብላ ትቀልዳለች። እናቷ ግን በአንዱ ዓይኗም በሌላውም እያለቀሰች ነው፤ ሐኪሙ እንዳታለቅሺ ብሏት ሳለ።"

ጋቢዬን ሳብ አደረግሁ።

"ደግሞ 'እኔ ነኝ ያበላሸሁት' ማለት ጀምራለች። ድሮ አልነካሁትም ነበር የምትለው። አሁን ነክቼዋለሁ ትላለች። በስብሰባውም አምናለሁ፣ ይቅርታ እጠይቃለሁ፣ ጋሼ ከሚዋረዱ ይሻላል ብላለች።"

"እንዲያ አለች?"

"ሰውዬ፣ አንተ ምን ሆነሃል?"

"ምንም አልሆንኩ።"

"ምንም ያልሆነ ሰው በእንቅልፉ 'ጭቃ ነው፣ ጭቃ ነው' አይልም" አለችኝ። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። ቆይታ፣ የተኛች መስሎኝ ሳለ፣ "እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል" አለች። ለግድግዳው ነው የነገረችው።

ያላደረገችውን ማመን ጀምራለች። ድንጋይ ብቻ አይደለም ያጠብኩት። ትዝታዋንም አጥቤዋለሁ።


መጋቢት 28፣ እሑድ

አንድ ነገር ልጽፍ ተቀምጬ ነበር። ጭቃው ስለተሰነጠቀ ነው ብዬ ጀመርኩ። ሰረዝኩት። ዛጎሉን ስላቆሸሸ ነው ብዬ ጻፍኩ። ሰረዝኩት። ሌላ ምክንያት ቀርቷል፤ እሱን ለመጻፍ እጄ እንቢ አለ።


መጋቢት 29፣ ሰኞ

ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ከበርሜሉ አናት ላይ ያለውን ውሃ በቀጭን ጎማ ቀዳሁት፤ በጣም ቀስ እያልኩ፣ ዝቃጩ እንዳይነቃነቅ። የበርሜሉን ውጭ በእርጥብ ጨርቅ ጠረግሁ። ንጹሕ አድርጌ ጠረግሁት። ሳንቃውን አልመለስኩም።


መጋቢት 30፣ ማክሰኞ

ስብሰባው ላይ ኃላፊው፣ ዶክተሯና የወንድሜ ልጅ ነበሩ። ልጅቷ ጥሩ ቀሚሷን ለብሳ ነበር። ኃላፊው ወረቀቱን ከፍቶ ገና ሲጀምር እሷ ተነስታ፣ "ጥፋቱ የእኔ ነው" አለች።

"ተቀመጪ" አልኳት። "ሦስታችሁም ወደ ምድር ቤት ኑ።"

"አባባ፣ ስብሰባ ላይ ነን" አለ ኃላፊው።

"ስብሰባው እዚያ ነው።"

ወረዱ። ባትሪውን ከበርሜሉ ጀርባ አበራሁና ለወንድሜ ልጅ "አንብቢው" አልኳት። ለዶክተሯ አልሰጠሁትም። በዚህ ክፍል ውስጥ ምን ቀን ምን እንደታጠበ ከእኔ ሌላ የምታውቀው እሷ ናት።

ጎንበስ ብላ አየች። ቀሚሷ መሬት ነካ። "ቀዩ የእኔ ነው፤ ሐሙስ" አለች። ጣቷን ወደ ላይ አነሳች። "ይሄ ጥቁሩ..." ቆም አለች። "ከሰል ነው። ከሰል እኔ አላጥብም። እኔ አልነበርኩም። አርብ ነው።" ጣቷ ግራጫው ላይ ደረሰና ቆመ።

ነጩን አልጠራችውም። ማንም ቀጥይ አላላትም። 

ዶክተሯ ናት የተናገረችው። "ውሃው የት ነው የሚሄደው ብዬ ጠይቄዎት ነበር።"

"ጠይቀሽኛል።"

"ለምን ነው ያጠቡት አባባ?"

መልስ አዘጋጅቼ ነበር። ስለ መሰንጠቁና ስለ ፍርፋሪው። አፌ ላይ ሲደርስ ጠፋ። "መረታት አልፈለግሁም" አልኩ።

ኃላፊው ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። ዶክተሯ ግን በርሜሉ አጠገብ ተንበርክካ ግራጫውን ታየው ጀመር፣ እንደ እኔው። ታችና ላዩ ስለተቀላቀለ እንዳሰበችው እየቆረጠች ልትለካው እንደማትችል ተናገረች። ያ አልቋል። ኢሪዲየሙ ግን በውሃ አይታጠብም፤ ከሌላው ተለይቶ ከወጣ መኖሩንና አለመኖሩን ሊናገር ይችላል። "ግማሽ ምስክር ነው" አለች።

የወንድሜ ልጅ አሁንም ጎንበስ እንዳለች ናት። "ጋሼ" አለች ቀና ሳትል። "ቤትዎ መጥቼ ሳለቅስ ያውቁ ነበር።"

"አውቅ ነበር።"

"እጅዎን ስስመው።"

"አውቅ ነበር።"

"እኔ ራሴን እኮ ተጠራጠርኩ" አለች። ድምፅዋ ከፍ አላለም። "የሠራሁትንና ያልሠራሁትን መለየት አቃተኝ። ይህን ማን ያጥብልኛል?"

ባትሪውን አጠፋሁት። 


ሚያዝያ 2፣ ሐሙስ

ግራጫውን በማንኪያ አወጣሁት። ዶክተሯ ቆማ ጠበቀችኝ፤ እንዳልቸኩል ነው ወይስ እንዳላበላሽ፣ አልጠየቅሁም። አንድ ጠርሙስ እንኳ አልሞላም።

ኃላፊው ጡረታዬን ያስታወሰኝ በትሕትና ነው። ቀኑ ካለፈ ቆይቷል፤ እነሱ ናቸው ያቆዩኝ። አጣቢዋ ወደ ሥራዋ እንድትመለስ ደብዳቤ ወጣ። "እመለሳለሁ፤ ጋሼ ግን እዚያ ካሉ አይሆንም" ብላለች። ልክ ናት። መርፌዎቼን ትቼላት ወጣሁ። ጥበቃው በሩን ከፈተልኝና፣ "አባባ፣ እኔ ያየሁትን ነው የተናገርኩት" አለኝ።

"አንተ ደህና አይተሃል" አልኩት።


ሚያዝያ 14፣ ማክሰኞ

ቤት። ዝናብ።

ዶክተሯ ለባለቤቴ ስልክ ደወለች። ብረቱ ተገኝቷል። በብዛት ነው አለች። ለእሱ ንገሪው አላለችም፤ ባለቤቴ ናት የነገረችኝ።

"ታዲያ ምን ልበልልህ?" አለችኝ።

"ተረታሁ በያት። ሰው ሁሉ ባለበት ትናገርልኝ።"


ሚያዝያ 20፣ ሰኞ

የወንድሜ ልጅ አሁንም አታናግረኝም። ባለቤቴ ዛሬ ከእነሱ ቤት ስትመለስ ኮቷን ሳታወልቅ ከፊቴ ቆመች።

"መልእክት አለህ" አለች። "አዲስ ድንጋይ መጥቷል። በመሃሉ ጭቃ አለበት። ያመጣው ሰው ደግሞ የለም። ጋሼ ምን አድርጊ ይሉኛል ብለሽ ጠይቂልኝ አለችኝ።"

ልብሴን አስተካከልኩ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም። ከዚያ ክፍል ከወጣሁ ወዲህ ማንም ምንም ጠይቆኝ አያውቅም።

"ተዪው በያት" አልኩ። "ባለቤቱ እስኪመጣ ተዪው። ጨርቅ አልብሺው፤ ከማጠቢያውም አርቂው። ግድግዳው ላይ ያለውን ጽሑፍ ደግሞ ታውርደው።"

"እሱን አውርዳዋለች" አለች ባለቤቴ፣ ኮቷን እያወለቀች። "በገባች ዕለት ነው ያወረደችው።"